ለጋራ የሚዲያ ማምረቻ ሲስተም የተጠቃሚ መግቢያ፦ ከዳይሬክተሪ አማራጮች የትኛውን መምረጥ ይሻላል?

ኤዲተሮች፣ የቀለም ባለሙያዎች፣ የድምፅ ሠራተኞችና ፕሮዲውሰሮች በአንድ የጋራ ስቶሬጅ ላይ ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም መግባቱ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳሉ በየማሽኑ አካውንት መክፈት ያዛልቃል። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቁጥር አስተዳዳሪው ከማሽን ማሽን መዞር ይጀምራል፤ ሲሰለቸውም ሁሉም ሰው «ኤዲት» በሚል አንድ የጋራ ስም እንዲገባ ያደርግና ይገላገላል። ከዚያ በኋላ የትኛውን ክሊፕ ማን እንዳጠፋው፣ የትኛውን ሲኩዌንስ ማን እንደነካካው የሚናገር መዝገብ አይኖርም። ከዚህ ለመውጣት የሚያስኬደው መንገድ የሰዎቹን ስም፣ የይለፍ ቃልና የቡድን አባልነት በአንድ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ፣ ሌሎቹ ሲስተሞች ሁሉ እዚያ እየሄዱ እንዲጠይቁ ማድረግ ነው።

ዳይሬክተሪ ሲባል ግን አንድ ነገር አይደለም። ኤልዳፕ በተባለው የዳይሬክተሪ መጠየቂያ ፕሮቶኮል ብቻ የሚሠራ ተራ ሰርቨር፣ የማይክሮሶፍቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪን ተክቶ የሚሠራው ሳምባ፣ ለሊኑክስ የተዘጋጀው ፍሪአይፒኤ፣ እንዲሁም በክላውድ ያሉ የማንነት አገልግሎቶች በየፊናቸው አማራጭ ሆነው ይቀርባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸሩት የይለፍ ቃልን በምን መንገድ እንደሚያረጋግጡ እየታየ ነው። በእኔ እምነት ለሚዲያ ቤት ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፋይሉ ስቶሬጁ ላይ ሲጻፍ የማን ሆኖ ይጻፋል የሚለው ነው። የይለፍ ቃል ማረጋገጥን ሁሉም አማራጮች ይችሉበታል፤ የፋይል ባለቤትነትን አስተካክለው የሚይዙት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ከስቶሬጁ ተነሥቶ ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ ብዙዎች ግን ከመግቢያ ገጹ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ።

መግቢያው አንድ አይደለም

በሚዲያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሥራ ለመጀመር ቢያንስ ሦስት ቦታ ይገባል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ ይህ የዊንዶውስ፣ የማክ ወይም የሊኑክስ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከጋራ ስቶሬጁ ጋር ይገናኛል፤ ይህ የኤስኤምቢ ወይም የኤንኤፍኤስ (ሁለቱም ፋይልን በኔትወርክ የማጋሪያ ፕሮቶኮሎች ናቸው)፣ አለዚያም የሳን (ኮምፒውተሮች ወደ ጋራ ዲስክ በቀጥታ የሚገናኙበት ኔትወርክ) ጉዳይ ነው። በመጨረሻ የሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩን፣ የፕሮጀክት ዳታቤዙን ወይም ሥራ የሚገመገምበትን ገጽ ይከፍታል፤ ይህ ደግሞ የአፕሊኬሽኑ ጉዳይ ነው። ሻጮች ምርታቸው ከዳይሬክተሪ ጋር ይሠራል ሲሉ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ሦስተኛው ብቻ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከሁሉም ቀላሉ ነው። ስለዚህ ለሻጭ «ኤልዳፕ ትደግፋላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ማቅረብ ብዙም አይጠቅምም። የትኛው የምርቱ ክፍል፣ በየትኛው ፕሮቶኮል፣ ከየትኛው ዳይሬክተሪ ጋር እንደሚነጋገር በጽሑፍ እንዲመልሱ መጠየቅ ግን ይጠቅማል።

የባለቤትነት ቁጥር

ሊኑክስና ማክ የፋይልን ባለቤት የሚያውቁት በቁጥር ነው፤ የምናየው ስም ከቁጥሩ ላይ ተተርጉሞ የሚታይ ብቻ ነው። ማክ ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት 501 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ደግሞ 1000። እንግዲህ በአንድ ማክ ላይ ኤዲተሩ፣ በሌላው ማክ ላይ የድምፅ ባለሙያዋ የየማሽናቸው የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች ከሆኑ ሁለቱም 501 ናቸው። ስቶሬጁ በኤንኤፍኤስ 3 በተለመደው አሠራር ከተገናኘ፣ ሰርቨሩ ከኮምፒውተሩ የሚላክለትን ቁጥር አምኖ ስለሚቀበል፣ ሁለቱን ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል። አንዱ የሌላውን ፋይል ቢያጠፋ የሚከለክለው የለም፤ መዝገብ ቢታይም የሚገኘው 501 ብቻ ነው። ያው ኤዲተር ተነሥቶ በሊኑክስ ወደሚሠራው የቀለም ማረሚያ ማሽን ሲሄድ ደግሞ 1000 ይሆንና፣ ጠዋት ራሱ የጻፈውን ፋይል ከሰዓት በኋላ እንዳይነካ ይከለከላል።

ኮምፒውተሮቹን ወደ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜይን (በአንድ ዳይሬክተሪ ሥር ወደሚተዳደር የማሽኖችና የተጠቃሚዎች ስብስብ) ማስገባት ይህን ሙሉ በሙሉ የሚፈታ ይመስላል፤ የሚፈታው ግን ግማሹን ነው። ማክ በነባሪ ቅንብሩ የሰውየውን ቁጥር የሚያወጣው በዳይሬክተሪው ውስጥ ካለው ጂዩአይዲ ከሚባለው ልዩ መለያ ነው። ሊኑክስን ከዳይሬክተሪ ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤስዲ የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ ኤስአይዲ ከተባለው የደህንነት መለያ አስልቶ ያወጣዋል። ማኮቹ እርስ በርሳቸው፣ ቅንብራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ የሊኑክስ ማሽኖችም እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ማክና ሊኑክስ ግን ለአንዱ ሰው የሚሰጡት ቁጥር አይገጥምም። መፍትሔው በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 2307 በተባለ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተጠቃሚ ቁጥሩን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የቡድን ቁጥሩን በዳይሬክተሪው ላይ በግልጽ መጻፍና ሁሉም ማሽኖች ማስላታቸውን ትተው የተጻፈውን እንዲያነቡ ማድረግ። ኤስኤስኤስዲ ላይ ቁጥር የማመንጨት አሠራሩ ይዘጋል፤ ማክ ላይ ደግሞ የዶሜይን ግንኙነቱ ሲዘጋጅ የተጠቃሚ ቁጥሩ ከየትኛው መስክ እንደሚነበብ ይነገረዋል። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን መሠራት አለበት፤ ስቶሬጁ ከሞላ በኋላ ማረም ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ሁሉም ማሽኖች የሚገናኙት በኤስኤምቢ ብቻ ከሆነ ጭንቀቱ በጣም ይቀላል። በኤስኤምቢ ሰርቨሩ ኮምፒውተሩ ስለሚልከው ቁጥር ግድ የለውም፤ የገባውን ሰው ማንነት ራሱ አረጋግጦ ባለቤትነቱን ራሱ ይመዘግባል። ማክና ዊንዶውስ ብቻ ያሏቸው ቤቶች ኤንኤፍኤስን ጨርሰው ቢተዉት አንድ ትልቅ ራስ ምታት ይቀንሳሉ። በሳን ላይ፣ ማለትም እንደ ኤክስሳን ወይም ስቶርኔክስት ባሉት፣ ጉዳዩ ይገለበጣል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ወደ ዲስኩ በቀጥታ ስለሚጽፍ የቁጥሮቹ መስማማት ከምንም በላይ ወሳኝ ነው። በኤክስሳን የሚሠሩ የማክ ቤቶች የአፕልን የራሱን ዳይሬክተሪ፣ ኦፕን ዳይሬክተሪን፣ ጎን ለጎን ይተክሉ የነበረውም ስለዚሁ ነው።

ከቁጥሮቹ ሳንወጣ ሌላ ወጥመድ አለ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ቡድን ፈጥሮ አቃፊውን ለዚያ ቡድን ብቻ መክፈት ጥሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የተለመደው የኤንኤፍኤስ ማረጋገጫ በአንድ ጥያቄ ከ16 በላይ ተጨማሪ ቡድኖችን አይሸከምም። የሁለት ወይም የሦስት ፕሮጀክት ቡድን አባል የሆነ ኤዲተር ይህን መቼም አያየውም፤ የሁሉም ፕሮጀክቶች አባል የሆነው የድኅረ ምርት ኃላፊ ግን አንዳንድ አቃፊዎች ይከፈቱለታል፣ አንዳንዶቹ አይከፈቱለትም፣ ምክንያቱንም የሚነግረው የለም። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ከኮምፒውተሩ የመጣውን የቡድን ዝርዝር ትቶ ራሱ ከዳይሬክተሪው እንዲያነብ ማዘዝ ወይም በከርቤሮስ (ማንነትን በጊዜያዊ ትኬት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) የተደገፈ ኤንኤፍኤስ መጠቀም ይህን ያስወግዳል።

ተራ ኤልዳፕ

ኤልዳፕ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ከባድ የነበረውን ኤክስ 500 የተባለ የዳይሬክተሪ ደረጃ ለማቅለል የተሠራ ፕሮቶኮል ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሦስተኛው ስሪት በ1997 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኦፕንኤልዳፕን የመሰለ ሰርቨር በትንሽ ማሽን ላይ ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ ይሠራል። አፕሊኬሽኑ የሰውየውን ስም በዳይሬክተሪው ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘው በኋላ በሰውየው ስምና በሰጠው የይለፍ ቃል ለመግባት ይሞክራል፤ ሰርቨሩ ከተቀበለው አፕሊኬሽኑም ይቀበለዋል። ለሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርና ለድረ ገጽ አፕሊኬሽኖች ይህ ይበቃል። የሊኑክስ ማሽኖችም ያለ ችግር ይገቡበታል። ዊንዶውስ ግን ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር በተራ ኤልዳፕ ተጠቃሚን አያስገባም።

ዋናው እንቅፋት ስቶሬጁ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም ሰርቨሩን ከተከለ በኋላ ነው። በኤስኤምቢ ሲገናኙ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን ለስቶሬጁ አይልክም፤ የሚልከው ከይለፍ ቃሉ የተሠላ መልስ ነው። ስቶሬጁ ደግሞ የይለፍ ቃሉ በእጁ ስለሌለ፣ አፕሊኬሽኑ እንዳደረገው ወደ ኤልዳፕ ሰርቨሩ ሄዶ በሰውየው ስም ልግባ ማለት አይችልም። ስለዚህ ወይ ለዊንዶውስ የሚስማማው የይለፍ ቃል አሻራ በኤልዳፕ ሰርቨሩ ውስጥ ለሳምባ በተዘጋጀ ተጨማሪ መስክ ላይ ተቀምጦ ስቶሬጁ እንዲያነበው ይፈቀድለታል፣ ወይም ከርቤሮስ ይጨመራል። የመጀመሪያው መንገድ ያንን መስክ ያነበበ ሁሉ በሰዎቹ ስም መግባት የሚችልበትን ነገር ገልጦ ማስቀመጥ ነው፤ አልመክረውም። አንዳንድ የስቶሬጅ ምርቶች በዚህ ቦታ ላይ «የይለፍ ቃልን ያለ ምስጠራ ፍቀድ» የሚል ምርጫ ያቀርባሉ፤ ያንን ፈጽሞ መንካት አያስፈልግም። ኤስኤምቢ የሚጠቀም ቤት ተራ ኤልዳፕን ብቻውን መምረጥ የለበትም ብሎ መደምደም ይቻላል።

አክቲቭ ዳይሬክተሪ እና ሳምባ

ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ኤልዳፕን፣ ከርቤሮስንና የማሽን ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስን በአንድ ላይ አስሮ ያቀርባል። ሰውየው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዶሜይኑን ከሚያስተዳድረው ሰርቨር፣ ማለትም ከዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ የከርቤሮስ ትኬት ይቀበላል፤ ወደ ስቶሬጁ ሲሄድ በዚያው ትኬት ይገባል፤ የይለፍ ቃሉ ስቶሬጁ ዘንድ መድረስ አያስፈልገውም። አፕሊኬሽኖች ደግሞ በዚያው ሰርቨር ላይ በኤልዳፕ ይጠይቃሉ። ሦስቱንም መግቢያዎች በአንድ ማንነት የሚሸፍን፣ የስቶሬጅ ሻጮች ሁሉ የሚያውቁትና በብዛት የሞከሩት አማራጭ ይኸው ነው። ዋጋውም አለው፤ የሰርቨር ፈቃድና በተጠቃሚ ወይም በመሣሪያ የሚቆጠር የመዳረሻ ፈቃድ ይከፈላል፤ አንዱ ሲወድቅ ሥራ እንዳይቆም ቢያንስ ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለሮች ያስፈልጋሉ፤ በዊንዶውስ ሰርቨር የሚተማመን አስተዳዳሪም መኖር አለበት።

ሳምባ ከታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ4.0 ስሪቱ አንሥቶ፣ ራሱን የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜይን ኮንትሮለር አድርጎ መቅረብ ይችላል። ዊንዶውስም ማክም በእሱ ዶሜይን ውስጥ ሲገቡ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር የተገናኙ ያህል ነው፤ ተጠቃሚዎችንም በማይክሮሶፍት የአስተዳደር መሣሪያዎች ከአንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሆኖ ማስተዳደር ይቻላል። ለአነስተኛና መካከለኛ ቤት ሁነኛ አማራጭ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ሲስቮል የተባለውንና የቡድን ፖሊሲዎች የሚቀመጡበትን አቃፊ በሁለት የሳምባ ኮንትሮለሮች መካከል በራሱ አያመሳስልም፤ አስተዳዳሪው በሌላ መንገድ ማመሳሰል አለበት። ሁለተኛ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ራሱን የቪዲዮ ፋይል ማከማቻ ማድረግ አይመከርም። ስቶሬጁ የዶሜይኑ አባል የሆነ ሌላ ማሽን ቢሆን ይሻላል። አንድ ሰርቨር ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ቤት ኮንትሮለሩን በዚያው ሰርቨር ላይ በቨርቹዋል ማሽን ለይቶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ፍሪአይፒኤ እና የተቋረጠው ኦፕን ዳይሬክተሪ

ፍሪአይፒኤ የዳይሬክተሪ ሰርቨርን፣ ከርቤሮስንና የሰርተፍኬት ባለሥልጣንን (ማሽኖች ማንነታቸውን የሚያሳዩበትን ዲጂታል ሰርተፍኬት የሚያወጣውን ክፍል) አጣምሮ ለሊኑክስ ዓለም የሚያቀርብ ነው። የተጠቃሚ ቁጥሮችን ከመጀመሪያው ራሱ ስለሚመድብ ከላይ የዘረዘርነው የቁጥር ጣጣ በሊኑክስ ማሽኖች መካከል አይነሣም። የቪዥዋል ኢፌክትና የሬንደር ማሽኖቹ በሙሉ በሊኑክስ ለሚሠሩና ስቶሬጃቸው ኤንኤፍኤስ ለሆነ ቤቶች ከሁሉም ይልቅ የሚስማማው እሱ ነው። ዊንዶውስን ግን እንደ ዶሜይን አባል አይቀበልም፤ ሁለቱም የሚያስፈልጉት ቤት ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር የመተማመን ግንኙነት መፍጠር ይኖርበታል፣ ያ ደግሞ ሁለት ዳይሬክተሪ ማስተዳደር ነው። ጥቂት የዊንዶውስ ማሽኖች ብቻ ካሉ ያን ሁሉ ከመሸከም አንድ ዶሜይን መርጦ መኖር ይቀላል።

አፕል ኦፕን ዳይሬክተሪ የሚሠራበትን ማክኦኤስ ሰርቨርን በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. አቋርጧል። በኦፕን ዳይሬክተሪ ላይ የቆመ የቆየ ቤት ወደ ሌላ ለመሸጋገር ዕቅድ ያውጣ፤ አዲስ የሚጀምር ሰው ከዝርዝሩ ያውጣው።

የክላውድ ማንነት

በ2023 ስሙ ከአዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተቀየረው ማይክሮሶፍት ኤንትራ አይዲና መሰሎቹ የሚናገሩት በሳምልና በኦፕንአይዲ ኮኔክት ነው። ሁለቱም በብሮውዘር በኩል ለሚሠራ መግቢያ የታሰቡ ናቸው። የግምገማ ገጾችን፣ በድረ ገጽ የሚከፈት የሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌርንና ከቤት ሆነው የሚሠሩ ሰዎችን በተመለከተ ከኤልዳፕ ይበልጣሉ። አፕሊኬሽኑ የይለፍ ቃሉን ጭራሽ አያየውም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ መጠየቅም ቀላል ነው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የተተከለ የተለመደ ስቶሬጅ በኤስኤምቢ ወይም በኤንኤፍኤስ ሲገናኝ የሳምል ማረጋገጫ አይቀበልም። የስሙ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ኤንትራ አይዲ በራሱ የኤልዳፕ ሰርቨር አይደለም። ኤልዳፕና ከርቤሮስ የሚሰጥ ተጨማሪ አገልግሎት በዚያው ክላውድ ላይ ለብቻው ተገዝቶ ይገኛል፤ ያኔ ግን በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ስቶሬጅ ለመክፈት የኢንተርኔት መስመር መኖሩ ግዴታ ይሆናል ማለት ነው። የምርት ኔትወርካቸውን ከኢንተርኔት ለይተው እንዲይዙ በውል የተገደዱ ቤቶች ደግሞ ይህን መንገድ ገና ከጅምሩ መርሳት አለባቸው።

ሳምል ላይ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሰውየው ከማንነት አገልግሎቱ ሲወጣ አዲስ መግባት ይከለከላል፤ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ የተፈጠረው አካውንቱና በስሙ የወጡ የኤፒአይ ቁልፎች (ፕሮግራሞች ያለ ይለፍ ቃል የሚገቡባቸው) ግን ብዙ ጊዜ ባሉበት ይቆያሉ። ስኪም የተባለውና አካውንቶችን በራሱ የሚያነሣው ደረጃ በአፕሊኬሽኑ ካልተደገፈ፣ የሚሄድን ሰው በእጅ የሚያጠፋ ኃላፊ መመደብ አለበት።

ከተመረጠ በኋላ የሚወስኑ ዝርዝሮች

ከየትኛውም አማራጭ ጋር አፕሊኬሽኑን በኤልዳፕ ሲያገናኙ የሚሞሉት መስኮች ተመሳሳይ ናቸው፤ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፍለጋው የሚጀምርበት ቦታ፣ የፍለጋው ማጣሪያ፣ የተጠቃሚ ስሙ መስክና አፕሊኬሽኑ ራሱ የሚገባበት የአገልግሎት አካውንት። የሚሳሳቱትም በአብዛኛው በተመሳሳይ ቦታ ነው።

ምስጠራ ከሌለ ማንኛውም ተጠቃሚ የሚጽፈው የይለፍ ቃል በፖርት 389 በኩል በግልጽ ይተላለፋል። ፖርት 636 ላይ ከመጀመሪያው በተመሰጠረ ግንኙነት መግባት ወይም በ389 ላይ ስታርት ቲኤልኤስ (የተጀመረውን ግንኙነት ወደ ተመሰጠረ የሚቀይር ትእዛዝ) ማዘዝ ያስፈልጋል። አድራሻውን በአይፒ ቁጥር ከሞሉት በሰርተፍኬቱ ላይ ካለው ስም ጋር ስለማይገጥም ግንኙነቱ ይወድቃል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ የሰርተፍኬት ማጣራቱን ማጥፋት ነው። ትክክለኛው እርምጃ የሰርቨሩን ሙሉ ስም መሙላትና ሰርተፍኬቱን ያወጣውን ባለሥልጣን አፕሊኬሽኑ እንዲያምነው ማድረግ ነው።

የአገልግሎት አካውንቱ ዳይሬክተሪውን ከማንበብ ያለፈ ሥልጣን አያስፈልገውም። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ነባሪ ፖሊሲ የይለፍ ቃል በ42 ቀን ያበቃል፤ የአገልግሎት አካውንቱ ከዚህ ካልተለየ ሁሉም ነገር በደንብ ሲሠራ ከርሞ አንድ ጠዋት ማንም መግባት አይችልም። ሰዎቹ የይለፍ ቃላቸው ትክክል ነው፣ ሰርቨሩም በሕይወት አለ፣ ስለዚህ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ቀረጻ የሚያስገቡና ሬንደር የሚሠሩ ማሽኖችም የየራሳቸው የአገልግሎት አካውንት ይኑራቸው፤ በአንድ ኤዲተር ስም የሚሠራ የሬንደር ማሽን ኤዲተሩ ሥራ በለቀቀ ዕለት ይቆማል።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ አለ። በኤልዳፕ ደረጃ ስም ተሰጥቶ የይለፍ ቃሉ ባዶ ከሆነ፣ አንዳንድ ሰርቨሮች ጥያቄውን እንደ ስም አልባ ጎብኚ ቆጥረው «ተሳክቷል» የሚል መልስ ይመልሳሉ። በደንብ ያልተጻፈ አፕሊኬሽን ይህን መልስ ሲያይ ሰውየው የገባ ይመስለዋል። አዲስ ምርት ሲሞከር መጀመሪያ የሚደረገው ፈተና ይህ መሆን አለበት፤ ትክክለኛ የተጠቃሚ ስም አስገብቶ የይለፍ ቃሉን ባዶ ትቶ መግቢያውን መጫን። የሚያስገባ ከሆነ ምርቱ ለሻጩ ይመለስ።

ቡድኖችን በተመለከተ፣ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ በሰውየው መዝገብ ላይ የሚታዩት በቀጥታ አባል የሆነባቸው ቡድኖች ብቻ ናቸው። «ድኅረ ምርት» የሚባለው ቡድን ውስጥ «ኤዲተሮች» የሚባል ቡድን ካለ፣ ኤዲተሩ ለአፕሊኬሽኑ የድኅረ ምርት አባል ሆኖ ላይታይ ይችላል። ስቶሬጁ ግን የተደራረቡ ቡድኖችን ስለሚፈታ አቃፊውን ይከፍትለታል። አንዱ ሰው በአንዱ በኩል ተፈቅዶለት በሌላው በኩል ሲከለከል መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው። ዋና ቡድን ተብሎ የተመደበውም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይካተትም። ከአንድ ሺህ በላይ ተጠቃሚ ያለው የብሮድካስት ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ በአንድ ጥያቄ በነባሪ 1000 መዝገብ ብቻ ስለሚመልስ፣ መልስን በገጽ ከፋፍሎ መጠየቅ የማይችል አፕሊኬሽን የቀሩትን ሰዎች አያውቃቸውም። ፍለጋው የሚጀምርበትን ቦታ ወደ ምርት ክፍሉ ብቻ ማጥበብ በአብዛኛው ይፈታዋል።

ከርቤሮስ በነባሪ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። የሚገርመው፣ ታይምኮድ በአንድ ፍሬም ቢዛባ እንቅልፍ የሚያጡ ቤቶች የኮምፒውተሮቻቸው ሰዓት በደቂቃዎች ተዛብቶ ይገኛል። ኮምፒውተሮቹ፣ ስቶሬጁና ኮንትሮለሮቹ ሁሉ ከአንድ የኤንቲፒ (የኔትወርክ ሰዓት ማመሳሰያ) ምንጭ ሰዓት ይውሰዱ። ዲኤንኤስም እንዲሁ ነው፤ ለፍጥነት ሲባል ለቪዲዮ ብቻ የተዘረጋ የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካለ፣ በዚያ መስመር በኩል ኮንትሮለሩን በስሙ ማግኘት መቻሉ መፈተሽ አለበት።

ዳይሬክተሪው ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለውም በአማራጮቹ መካከል ይለያያል። ዊንዶውስ የመጨረሻዎቹን 10 ተጠቃሚዎች መግቢያ በነባሪ ያስታውሳል፤ ኤስኤስኤስዲም ማክም ከተነገራቸው ያስታውሳሉ። በከርቤሮስ ወደ ስቶሬጁ የገባ ሰው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ነባሪ ቅንብር ለ10 ሰዓት የሚቆይ ትኬት ስላለው ብዙ ጊዜ ሳይረበሽ የቀኑን ሥራ ይጨርሳል። በኤልዳፕ ብቻ የሚገባ አፕሊኬሽን ግን ያኔውኑ አዲስ ሰው ማስገባት ያቆማል። ለዚህ ሲባል በስቶሬጁም በሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩም ላይ ከዳይሬክተሪው ውጭ የሆነ አንድ የአስተዳዳሪ አካውንት ይቀመጥ፤ የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በሁለት ኃላፊዎች እጅ ይሁን። ያው የ10 ሰዓት ትኬት በሌላ በኩል ችግር ነው፤ ዛሬ የተሰናበተ ሰው አካውንቱ ቢዘጋም በእጁ ያለው ትኬት እስኪያበቃ ስቶሬጁ ላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ግንኙነቱ ከስቶሬጁ በኩልም መቋረጥ አለበት።

በኮንትራት የሚመጡ ባለሙያዎች አካውንታቸው ሲከፈት የማብቂያ ቀኑ አብሮ ይሞላ። ሲሄዱ አካውንቱን መዝጋት እንጂ መሰረዝ አያስፈልግም። ሲሰረዝ ፋይሎቹ ላይ የሚቀረው ስም የሌለው ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር በስሕተት ለአዲስ ሰው ከተሰጠ ደግሞ አዲሱ ሰው የቀድሞው ሰው ፋይሎች ሁሉ ባለቤት ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ የቱን?

ማክና ዊንዶውስ ያሉት፣ ስቶሬጁን በኤስኤምቢ የሚጠቀም ቤት አክቲቭ ዳይሬክተሪን ይምረጥ፤ የፈቃዱ ወጪ ከከበደውና ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ካለው ሳምባን። ድርጅቱ ለቢሮ ሥራው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቀድሞውኑ ካለው ለምርት ክፍሉ ሌላ መትከል ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል፤ ይልቅ በምርት ኔትወርኩ ውስጥ የዚያው ዶሜይን አንድ ተጨማሪ ኮንትሮለር ይቀመጥ። በውል ምክንያት ኔትወርኮቹ ፈጽሞ መለያየት ካለባቸው ብቻ የተለየ ዶሜይን ይሠራ። ሙሉ በሙሉ ሊኑክስ የሆነ ቤት ፍሪአይፒኤን ይውሰድ። ሦስቱም የኮምፒውተር ዓይነቶች ተቀላቅለው ኤንኤፍኤስም ኤስኤምቢም ባሉበት ቤት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም ሳምባ፣ የአርኤፍሲ 2307 ቁጥሮች በግልጽ ተሞልተውበት፣ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ነው። የክላውድ ማንነት የአካባቢውን ዳይሬክተሪ የሚተካ ሳይሆን ከእሱ ጋር ተመሳስሎ የድረ ገጽ አፕሊኬሽኖችን የሚሸፍን ይሁን። ተራ ኤልዳፕ የሚበቃው የሚዲያ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ ብቻውን ሲቀር፣ ስቶሬጁን ሰዎች በቀጥታ በማይነኩበት አሠራር ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በሁለት ማሽን የሚሠሩበት ቤት ምንም ዳይሬክተሪ አያስፈልገውም። በየማሽኑ ላይ ለአንዱ ሰው አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥቶ በወረቀት መመዝገብ ይበቃዋል፤ ኋላ ላይ ሲያድግ ያው መዝገብ ወደ ዳይሬክተሪው ይገባል።

ነባር ስቶሬጅ ካለ የፋይሎቹ ባለቤትነት ከአሮጌው ቁጥር ወደ አዲሱ መለወጥ አለበት፤ ይህ የሚሠራው በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል፣ ማንም ሳይገባና ሙሉ ቅጂ ከተያዘ በኋላ ነው። 501 የበርካታ ሰዎች ቁጥር ሆኖ ከቆየ ማን የቱን እንደጻፈ ከፋይሉ ላይ ማወቅ ስለማይቻል፣ እነዚያን በፕሮጀክት ለይቶ ለፕሮጀክቱ ቡድን ማውረስ ይሻላል። በቴፕ የተቀመጠው አርካይቭ ግን አሮጌዎቹን ቁጥሮች እንደያዘ ይቀራል። በታር የተጠቀለለ ፋይል የባለቤቱን ስምም ቁጥርም ይይዛል፤ ስሙን በማያውቅ ማሽን ላይ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲፈታ የሚመለሰው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ የአሮጌና የአዲስ ቁጥሮች ማዛመጃ ሠንጠረዥ ከቴፖቹ ዝርዝር ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ማንኛውም ፕሮጀክት ከአርካይቭ ሲመለስም ለኤዲተሮች ከመከፈቱ በፊት በሠንጠረዡ መሠረት ቁጥሮቹ ይታረሙ።